ከአሮጌ ነጠላ ጥለትና ከተቀደደ ጂንስ የወገብ ቀበቶ ለመሥራት፦ ምክር እጠይቃለሁ

ባሶና (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በልብስ ስፌት ከእናቴ ካየሁት የዘለለ ሙያ የለኝም፤ ቤታችን ውስጥ ግን በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንገር መኪና አለ፣ እስካሁንም ደህና ይሰፋል።

ከቁም ሣጥን የወጡ አራት ልብሶች ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አንደኛው የእናቴ ነጠላ ነው፤ መሀሉ ሳስቶ እጅ ያሳያል፣ ቀይና አረንጓዴው ጥለት ግን ምንም አልሆነም። ሁለተኛው ሁለት ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ሱሪ ነው። ሦስተኛው ክርኑ የተበሳ የአባቴ ሹራብ ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ ክንዱ ላይ መላጥ የጀመረ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነው። ለተቸገረ እንዳልሰጣቸው የተጎዱ ናቸው፤ እንዳልጥላቸው ደግሞ ግማሽ አካላቸው ገና ጤነኛ ነው።

ለጥምቀት በነጭ ቀሚስ ላይ የሚታሰር ሰፋ ያለ ቀበቶ ከጥለቱ ለመሥራት አስቤአለሁ። ከተረፈ ደግሞ ለዚህ አገር ብርድ የሚሆን የአንገት ልብስ ከሹራቡ ማውጣት እፈልጋለሁ። በኢንተርኔት የማያቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ጨርቁን ቆርጠው በትኩስ ማጣበቂያ እያጣበቁ በአንድ ጊዜ ይጨርሱታል። እንዲህ ያለው ነገር ይበረክታል? ከየትኛው ልብስ የትኛውን ክፍል ልውሰድ? ሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አንጋፋው ልብስ ሰፊ

ልጄ ባሶና፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። መጀመሪያ ግን የምትሠሪውን ዕቃ ከመምረጥሽ በፊት ጨርቆቹን አንድ በአንድ መስኮት ላይ ዘርግተሽ በብርሃን እያቸው። ልብስ በአንድ ጊዜ እኩል አያረጅም። ሱሪ በጉልበቱ፣ በጭኑ የውስጥ በኩልና በመቀመጫው ይሳሳል፤ ሸሚዝ በአንገትጌውና በእጅጌው ጫፍ ያልቃል፤ ሹራብ ክርኑ ይበሳል። ሌላው ክፍል ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። እንግዲህ የምትሠሪው ነገር መጠን መወሰን ያለበት በቪዲዮው ሳይሆን በዚያ ጤነኛ ክፍል ስፋት ነው። ሰዎች ቦርሳ ካልሠራን ብለው የሳሳውን መቀመጫ ሳይቀር ከጤነኛው ጋር አዋህደው ይሰፉታል፤ ከዚያ ስፌቱ ሳይፈታ ጨርቁ ራሱ ይቀደዳል።

የአንቺ ሱሪ ጉልበቱ የተቀደደው ከፊት ነው። የኋላው ጨርቅ ከመቀመጫው በታች ጀምሮ እስከ እግሩ ጫፍ ድረስ፣ በተለይ ባቱ ላይ ያለው፣ ገና ብርቱ ስለሆነ ቀበቶሽን የሚሸከመው እርሱ ይሁን። መቁረጥ ያለብሽ በእግሩ ርዝመት አቅጣጫ ነው፤ በጂንስ ላይ ጠንካራውና የማይሳበው ክር በቁመት የሄደው ሰማያዊው ነው። በወርዱ በኩል ያለው ነጩ ክር ሲሆን፣ በአሁኑ ዘመን ብዙ ሱሪዎች ደግሞ በዚሁ በወርዱ ላስቲክ አለባቸው። በወርዱ የተቆረጠ ቀበቶ ወር ሳይሞላው ይለጠጥና ወገብ ላይ አይቆምም።

አንድ እግር ለቀበቶ ርዝመት አይበቃምና ከሁለቱ እግሮች ወስደሽ ትቀጥያለሽ። ስትቀጥዪ ቀጥ አድርገሽ አትስፊው፤ በሰያፍ ስፊው። በሰያፍ የተሰፋ መቀጠያ ውፍረቱ በረዥም ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ወገብ ላይ እንደ ጉብታ አይቆረቁርም፣ መኪናዋም ሳትንገጫገጭ ታልፈዋለች።

ልኩ እንዲህ ይሁን። የወገብሽን ዙሪያ ለክተሽ በዘለበት የሚያያዝ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። ጂንሱን 7 ሴንቲ ሜትር ወርድ አድርገሽ ቁረጪው፣ ጠርዙንም አትጠፊው። ጥለቱን ግን 9 ሴንቲ ሜትር አድርጊና በሁለቱም በኩል አንዳንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጂንሱ ጀርባ እጠፊው። ጂንሱም ታጥፎ ጥለቱም ታጥፎ ከሆነ ጠርዙ እንደ ገመድ ይወፍራል፤ ጀማሪ የሠራው መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ከጀርባ የሚገባውን ገበር ከአሮጌ ሸሚዝ ጀርባ አውጪው፤ በሸሚዝ ላይ ከሁሉም የማያልቀው ቦታ እርሱ ነው። ገበሩን ጠርዙን አጥፈሽ በእጅ መርፌ ብትለቅሚው ከፊት ስፌት አይታይብሽም።

ለጂንስ 16 ቁጥር መርፌ ግዢ። መቀጠያው ላይ ስትደርሺ እግርሽን ከመርገጫው አንሥተሽ መዘውሩን በእጅሽ እያዞርሽ አሳልፊው። አስቀድመሽ ያንን ወፍራም ቦታ ጨርቅ አልብሰሽ በመዶሻ ብትደበድቢው ይተኛል፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች መርፌ አይሰብሩም።

ትኩስ ማጣበቂያ ስላልሽው፦ ያ ነገር በመሠረቱ የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ካውያ ሲነካው ደግሞ እንደገና ይቀልጣል። ለወረቀት አበባ ይሁን፤ ሰው ለሚለብሰውና ለሚያጥበው ነገር ግን ክር ነው መፍትሔው።

እነዋሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ነገር አልስማማም። የእናት ነጠላ በመቀስ የሚነካ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ነጠላ ሲሳሳ ለጨቅላ ሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ሲለሰልስ ነው እንዲያውም ለሕፃን ገላ የሚመቸው። ከዚያም ሲያልቅ ማጥለያ ይሆናል፣ በመጨረሻም ለኩራዝ ክር ይሆን ነበር። ይህ ሁሉ አገልግሎት እያለ ለአንድ ቀን ጌጥ ብሎ መቁረጥ ተገቢ ነው? ጌጥ ከተፈለገ ጥለት ብቻውን ተሸምኖ ገበያ ላይ ይሸጣል።

ባሶና

እህቴ እነዋሪ፣ ቅሬታሽ ይገባኛል። እናቴን አስፈቅጃለሁ፤ እንዲያውም «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ ነጠላውም ለጥምቀት ከሆነ ይቆረጥ» ብላ ሳቀችብኝ። የሳሳው መሀሉ ደግሞ አይጣልም፤ አንቺ ባልሽው መንገድ ያገለግላል።

የሸማኔ ልጅ

አባቴ ሸማኔ ስለነበሩ በጥለቱ ነገር አንድ ሁለት ቃል ልጨምር።

ጥለት በነጠላው ወርድ ላይ ተሻግሮ የሚሸመን ነው። ስለዚህ እርሱን በርዝመቱ ወገብሽ ላይ ስታስሪው የምትስቢው በወርድ የሚገባውን ክር፣ ማጉን፣ እንጂ በቁመት የተዘረጋውን ድሩን አይደለም። በእጅ ሥራ ሽመና ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ሊሆን ይችላል፣ የእጅ ፈትል ደግሞ ለስላሳ እንጂ ውጥረት የሚችል አይደለም። ነጠላ ትከሻ ላይ ሲጣል ማንም አይጎትተውምና ይህ ጉድለት ሆኖ አያውቅም። ቀበቶ ላይ ግን ይጎተታል። ከላይ አንጋፋው ወንድማችን ጭነቱን ጂንሱ ይሸከም ያሉት በዚህ ምክንያት ትልቅ ነገር ነው፤ ጥለቱ ፊት ለፊት ሆኖ ይታይ፣ ጭነቱ ግን ከኋላው ይሁን።

ይህ እንዲሆን ጥለቱን ጂንሱ ላይ ስትወሰውሺው፣ ማለትም በጊዜያዊ ስፌት ስታያይዢው፣ ወጥረሽ አትዘርጊው። ትንሽ ላላ ብሎ ይተኛ። ጂንሱ ሲሳብ ጥለቱ ከእርሱ እኩል ከተወጠረ መጀመሪያ የሚበጠሰው ማጉ ነው።

ሁለተኛው ነገር መተርተሩ ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ገና መቀስ ሲነካው ይተረተራል፤ ጥለቱ ደግሞ በጀርባው በኩል ከአንድ አበባ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ልቅ ክሮች ስላሉት ከተቆረጠ በኋላ አበባው ራሱ ሊሟሽሽ ይችላል። ስለዚህ ከመቁረጥሽ በፊት ስፊው። መቁረጫ መስመርሽን በጠመኔ አስምሪ፣ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ብለሽ ጠባብ በሆነ ስፌት አንድ ጊዜ ሂጂ፣ ከዚያው አጠገብ ሌላ መስመር ድገሚ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መቀሱን አንሺ። የድሮው ሲንገር ቀጥ ያለ ስፌት እንጂ የዚግዛግ ስፌት አይሠራም፤ ሁለቱ መስመሮች ግን ያንን ይተካሉ። ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍ ካማረሽ አትቁረጪው፤ በቀበቶው ጫፍ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል።

ሦስተኛው ቀለም ነው። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥበሽ ቀዩ ጥለት ላይ አኑሪና በእጅሽ ጫን አድርገሽ ቆዪ። ነጩ ከቀላ ያ ጥለት ገና ቀለም ይለቃል፤ ነጭ ቀሚስ ላይ አስረሽው ዝናብ ወይም የጥምቀት ውኃ ቢያገኝሽ ቀሚሱ ይበላሻል። ጨውና አቼቶ ቀለም ያስይዛል የሚባለው በተቀለመ ክር ላይ የሚታመን ነገር አይደለም። የሚሻለው እየለቀቀ እስኪያበቃ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅና ጥላ ሥር ማድረቅ ነው።

ቀወት

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። እናንተ ደጋ ላይ ሆናችሁ ጂንስ በሸሚዝ፣ ሸሚዝ በጥለት ስትደራርቡ እኛ በላብ እናልቃለን! የጣርማ በርን ጭጋግ ተሻግሮ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ለእኛ ቀለል ያለ ነገር ንገሩን። ለምሳሌ ከአባቶቻችን የቀሩ የድሮ ክራባቶች በየቤቱ አሉ፤ ሁለት ክራባት አያይዞ ቀበቶ ማድረግ አይቻልም?

አንጋፋው ልብስ ሰፊ

ይቻላል፣ ነገር ግን ክራባት የሚቆረጠው በሰያፍ መሆኑን እወቅ። ሲታሰር እንዲታዘዝና ቋጠሮው እንዲያምር ተብሎ ነው እንዲህ የሚደረገው፤ በዚያው ልክ ግን ይለጠጣል። ለቀበቶ ከፈለግኸው የጀርባውን የእጅ ስፌት ፍታና ውስጡ ያለውን ሻካራ ገበር አውጣ፣ በእርሱ ምትክ የማይሳብ ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ በሙሉ ርዝመቱ አስገብተህ መልሰህ ስፋው። ጥብጣብ ካጣህ ከአሮጌ የጥጥ አንሶላ ዳር የሚወጣው ጠርዝ ያው ነው። ሁለቱን ክራባቶች የምታያይዘው በቀጭን ጫፋቸው ሲሆን መጋጠሚያው በጀርባህ በኩል ይውላል፤ ሰፋፊዎቹ ጫፎች ከፊት ሲቋጠሩ ዘለበትም አያስፈልግም። ለቆላ አየር ከዚህ የሚቀል የለም።

ቆዳና ክር

የቆዳ ጃኬቱን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ባሶና ሆይ፣ «መላጥ ጀምሯል» ያልሽው ነገር ጥርጣሬ ውስጥ ከቶኛል። እውነተኛ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ ቀለሙ ይለቃል እንጂ እንደ ቀጭን ወረቀት ተነሥቶ አይላጥም። የተላጠበትን ቦታ ገልጠሽ ከሥሩ ተመልከቺ። ከሥሩ የተሸመነ ጨርቅ ካየሽ ያ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ አንድ ቦታ መላጥ ከጀመረ ሌላውም ተራውን ይጠብቃል፤ ዛሬ ደህና የመሰለሽ ጀርባው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጭ ቀሚስሽ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይጥላል። አትድከሚበት፤ ዚፑንና የብረት ዕቃዎቹን ፈትተሽ አስቀሪ። የወገቡ ማሰሪያ ዘለበት ካለው ለቀበቶሽ ይሆናል፣ ሳልባጅ ተራ ሄዶ ዘለበት መግዛት ቀረ ማለት ነው።

ከሥሩ የምታዪው እንደ ሱፍ የተበተነ የቆዳ ቃጫ ከሆነ ግን እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ያኔ ከጀርባው ለዘለበቱ መያዣና ለቀዳዳዎቹ መደገፊያ የሚሆን ቁራጭ አውጪ። ቆዳ ሲሰፋ ሁለት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ መርፌ የገባበት ቀዳዳ ተመልሶ አይዘጋም፤ ስለዚህ በመርፌ ቁልፍ እያያዝሽ አትሞክሪው፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዢው። ሁለተኛ ስፌቱ ራቅ ራቅ ይበል፤ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠበቅ ብሎ የተሰፋ ቆዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ሞላሌ

ልጆቼ፣ ሹራቡ ቀርቶ ነበርና እኔ ልናገር። መንዝ ላይ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለውን የሱፍ ካባ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ስለ ሱፍ ትንሽ አውቃለሁ።

ባሶና ልጄ፣ የአባትሽ ሹራብ ሱፍ ይሁን አይሁን መጀመሪያ እርግጠኛ ሁኚ። ከተበሳው ክርን ላይ አንድ ክር ምዘዢ፣ ሸክላ ወይም ሳህን ላይ ሆነሽ ክብሪት ለኩሺበት። ሱፍ ከሆነ ፀጉር የተቃጠለ ያህል ይሸታል፣ እሳቱም ወዲያው ይከስማል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ጠጠር የደረቀ ነጠብጣብ ይሆናል። ሹራብ ሁሉ ሱፍ አይደለም፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙው አርቲፊሻል ክር ነው።

ሱፍ ከሆነ እሰየው። ሱፍ በጣም በሞቀ ውኃና በሳሙና ሲታሽ ፀጉሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ ነፋስም አያሳልፍም። ሰው ይህን እንደ ጥፋት ይፈራዋል፤ ሹራቡን እንደ ሹራብ መልበስ ለሚፈልግ ጥፋት ነው፣ ለአንቺ ግን ፈልገሽ የምታመጪው ነገር ነው። በደንብ ከጠበቀ በኋላ በመቀስ ብትቆርጪው አይተረተርም፤ ጠርዙን መዘምዘም እንኳ አያስፈልግሽም። ስለዚህ ሹራቡን ሳትቆርጪ በፊት እሺው። ከቆረጥሽ በኋላ ብታሺው ምን ያህል እንደሚጠብ አታውቂምና ልክሽ ይጠፋብሻል። እያሸሽ መሀል መሀል ላይ ዘርግተሽ ተመልከቺው፤ የሹራቡ ጉንጉን መታየት ሲያቆም በቅቶታል። ይሁንና አንዳንድ የፋብሪካ ሱፍ በማጠቢያ መኪና እንዲታጠብ ተብሎ እንዳይጠብ ይዘጋጃል፤ ብታሺው ብታሺው ካልተለወጠ እርሱ ነው፣ ተዪው።

የአንገት ልብሱን ከደረቱና ከጀርባው አውጪው። አንገቱ ላይ ያለው ተለጣጩ ክፍል ካልተበላሸ ሙሉውን ቆርጦ በጭንቅላት የሚገባ አድርጎ ማስቀረትም ይቻላል፣ ይህ እንዲያውም ስፌት አይፈልግም ማለት ይቻላል። ሻካራ ከሆነ፣ የመንዝ በግ ፀጉር ደግሞ ሻካራ ነው፣ አንገት ያሳክካልና ከውስጥ የሚነካውን በኩል የነጠላውን የሳሳ መሀል ገበር አድርጊበት። ያ የሳሳ ጨርቅ ለውጥረት አይሆንም እንጂ ለገላ ከእርሱ የሚለሰልስ የለም። እነዋሪም እንግዲህ ደስ ይበላት።

በዚሁ አጋጣሚ ደግሞ ልለምናችሁ፦ ብል ትንሽ የበሳው በርኖስ ያላችሁ ሰዎች እርሱን ወደ ቦርሳና ኮፍያ አትቸኩሉበት። በርኖስ ይጠቀማል፣ ይጠገናል፣ ይለበሳል። ለመቁረጥ የሚሆን ሌላ ሱፍ ሞልቷል።

እነዋሪ

እማማ ሞላሌ፣ ተቀብያለሁ። ነጠላው በሕፃን ፈንታ ጎልማሳ ቢያሞቅም ክብሩ አይነካም። ስለ በርኖሱ ያሉትን ደግሞ በሁለት እጄ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ብል የነካው ሱፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ካለው ሌላ ልብስ ጋር ሲቀመጥ አይጋባም?

ሞላሌ

ይጋባል እንጂ! ልብሱን የሚበላው የሚበርረው ሳይሆን ትሉ ነው፤ እርሱም የሚፈልገው ሱፍና የእንስሳ ፀጉር እንጂ ንጹሕ ጥጥ አይደለም። አሮጌውን ሱፍ ወደ ቤት ከማስገባትሽ በፊት ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ ኪሱንና መጋጠሚያውን ሁሉ በብሩሽ ጥረጊው፤ እንቁላሉ የሚቀመጠው በእነዚህ ስውር ቦታዎች ነው። ባሶና የምታሸው ሹራብ ግን በዚያ በሚፋጅ ውኃ ውስጥ ካለፈ ትልም እንቁላልም አይተርፍበትም።

ባሶና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጃኬቱን ገልጬ አይቼው ከሥሩ ጨርቅ ነው፤ ቆዳና ክር እንዳሉት ዘለበቱንና ዚፑን አስቀርቼ ሌላውን ትቼዋለሁ። ሹራቡ ሲቃጠል ፀጉር ፀጉር ሸቷል። ቀዩ ጥለት በመጀመሪያው እጥበት ውኃውን ሐምራዊ አስመስሎት ነበር፣ አሁን ነጩን ጨርቅ አያቀላውም። ቀበቶው በወስዋሳ ተያይዞ ቆሟል፤ ጥለቱም ጋሼ እንዳሉት ጠርዙ ቀጭን ሆኖ ተኝቷል።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ጥለቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የሳባ ክር አለበት፤ ካውያ ይችላል? ደግሞስ የዘለበቱ ምላስ የሚገባበትን ቀዳዳ በምን ልብሳ?

አንጋፋው ልብስ ሰፊ

የሚያብረቀርቀው ክር ሙቀት አይወድም፤ ይኮማተራል፣ ብርሃኑንም ያጣል። ጥለቱን ገልብጠሽ በጀርባው በኩል፣ ያውም እርጥብ የጥጥ ጨርቅ መሀል አድርገሽ፣ ካውያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አኑረሽ ጫን ጫን አድርጊው እንጂ አትጎትቺው።

ቀዳዳውን በመቀስ ጫፍ አትብሺው፤ መቀስ ክሩን ይቆርጠዋል፣ ክሩ የተቆረጠ ቀዳዳ ደግሞ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል። ጫፉ የሾለ ወስፌ ውሰጂና ክሮቹን ሳትበጥሺ ገለል ገለል አድርገሽ ክፈቻቸው፣ ከዚያ ዙሪያውን በወፍራም ክር ልክ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠበቅ አድርገሽ ዝመዝሚው። ምላሱ የሚገባው ያለማቋረጥ በአንዱ ቀዳዳ ስለሚሆን እርሱን ደግመሽ ዝመዝሚው።

የሸማኔ ልጅ

ከመታጠቡ በፊትም አንድ ነገር ልብ በዪ። ጂንሱና ጥለቱ ውኃ ሲነካቸው እኩል አይጠቡምና ጂንሱን ከመወስወስሽ በፊት ለብቻው በሙቅ ውኃ አጥበሽ ካላደረቅሽው፣ የመጨረሻውን ስፌት ከመስፋትሽ በፊት ወስዋሳውን አሁን ፈትተሽ እጠቢው። ጥለቱ ቀለሙ እስኪያቆም ታጥቧልና እርሱ የሚጠባውን ጠብቷል። ከዚያ በኋላ ቀበቶው ሲቆሽሽ ዘለበቱን ፈትተሽ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ እጠቢው፣ ሳትጨምቂ በፎጣ ጠቅልለሽ ውኃውን አውጪ፣ ዘርግተሽም አድርቂው። ገመድ ላይ በአንድ ጫፉ የተሰቀለ እርጥብ ቀበቶ በራሱ ክብደት ይሳባል።